ቮልቴጅ ሲገነፍል፦ ስለ ከፍተኛ ኃይል መስመሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመብራት ነገር ሲነሳ ሁላችንም የምናወራው ስለ መጥፋቱ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ስለ መገንፈሉ ነው። በአገር አቋራጭ መስመሮች ላይ ቮልቴጅ ከልኩ ሲያልፍ ምን ይሆናል? ማንስ ይመልሰዋል? ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ በተራ ለመመለስ ሞክሬያለሁ።

ስንት ሲሆን ነው «ኦቨርቮልቴጅ» የሚባለው?

እያንዳንዱ መስመር ስም አለው፤ ጣሪያም አለው። 132 የሚባለው እስከ 145 ኪሎ ቮልት ይፈቀድለታል። 230 የሚባለው እስከ 245፣ 400 የሚባለው እስከ 420፣ 500 የሚባለው እስከ 550። መሣሪያዎቹ ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ጣሪያ ላይ ቢቆዩ እንዲችሉ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ከዚያ በላይ ያለው ኦቨርቮልቴጅ ነው።

ግን ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግርም። ለምን ያህል ጊዜ ቆየ የሚለውም አለ። ትንሽ ከፍ ብሎ ለሰከንዶች ወይም ለደቂቃዎች የሚቆይ አለ። ብሬከር (የመስመሩ ማብሪያ ማጥፊያ፤ ሲዘጋ ያገናኛል፣ ሲከፈት ይቆርጣል) ሲዘጋና ሲከፈት የሚወለድ፣ በሺኛ ሰከንድ የሚለካ አለ። መብረቅ የሚያመጣው ደግሞ በሚሊዮንኛ ሰከንዶች መጥቶ ይሄዳል። ሦስቱ ጠባያቸው የተለያየ ስለሆነ ለሁሉም የሚሆን አንድ መድኃኒት የለም።

ቮልቴጅ የሚጨምረው ብዙ ኃይል ሲመነጭ ነው አይደል?

ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። እውነቱ ግን ግልባጩ ነው ማለት ይቻላል። ረጅም መስመር ቮልቴጁ አስቸጋሪ የሚሆነው ተጠቃሚ ሲጠፋ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ከተማው ተኝቶ፣ ፋብሪካው ቆሞ፣ መስመሩ ባዶውን ሲንጠለጠል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የተዘረጋ ሽቦና ከሥሩ ያለው መሬት አንድ ላይ ሆነው እንደ ትልቅ ካፓሲተር፣ ማለትም እንደ ቻርጅ ማጠራቀሚያ ይሠራሉ። ማንም ባይጠቀምም መስመሩ ራሱ ቻርጅ ይወስዳል። በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ይሄ በየኪሎ ሜትሩ 0.6 ሜጋ ቫር አካባቢ ነው (ቫር ሥራ ሳይሠራ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ኃይል መለኪያ ነው)። 300 ኪሎ ሜትር ላይ 180 ሜጋ ቫር ገደማ ደረሰ ማለት ነው። ይህ የቻርጅ ጅረት በሽቦው ኢንዳክታንስ (የጅረትን መለዋወጥ የሚቃወም ጠባይ) ውስጥ ሲያልፍ ቮልቴጁን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ከላኪው ጣቢያ ይልቅ ተቀባዩ ጫፍ ላይ ቮልቴጅ ይበልጣል። ውሃ ቢሆን ኖሮ ከምንጩ ይልቅ ጅረቱ መጨረሻ ላይ ከፍ አለ እንደማለት ነው። ለጆሮ ይከብዳል፤ ግን እንደዚያ ነው።

ነገሩ የፌራንቲ ውጤት ይባላል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሴባስቲያን ደ ፌራንቲ በ1880ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ደትፎርድ ላይ በሠራው የ10 ኪሎ ቮልት ሥርዓት የታየ ስለሆነ በስሙ ተጠራ።

ስሌቱ እንዲህ ይወጣል። በ50 ኸርዝ፣ ጫፉ ክፍት የሆነ 300 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ጭማሪው 5 በመቶ ገደማ ነው። 400 ብለህ የላክኸው 421 ሆኖ ይደርሳል። ጣሪያው ደግሞ 420 ነበር። መስመሩ 600 ኪሎ ሜትር ከሆነ ጭማሪው እጥፍ አይሆንም፤ ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ወደ 24 በመቶ። 500 ኪሎ ቮልት ብለህ ልከህ ከ610 በላይ ትቀበላለህ። ርቀት ሲጨምር ነገሩ የሚብሰው እንደዚህ እየተጣደፈ ነው።

ለኛ ይሄ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። ውሃው ያለው ጉባ፣ ኦሞ፣ ተከዜ ነው። ተጠቃሚው በብዛት ያለው መሃል አገር ነው። ከሕዳሴ ግድብ በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ የሚገባው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በአየር ላይ ቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ400 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ዴዴሳ ላይ ጣቢያ መኖሩም አንዱ ጥቅሙ እዚህ ነው። ረጅሙን መስመር መሃል ላይ ትይዘዋለህ።

ታዲያ ምን ይደረጋል?

ሻንት ሪአክተር ይገባል። ውጪ ለሚያየው ሰው ትራንስፎርመር ይመስላል። ዘይት ያለው ትልቅ ጋን፣ ከላዩ ቡሺንጎች (ሽቦው ጋኑን ሳይነካ የሚገባባቸው)። ግን ኃይል የሚቀበልና የሚሰጥ ሁለት ወገን የለውም። በመስመሩና በመሬት መካከል የተቀመጠ ጥቅልል ነው። መስመሩ የሚያመነጨውን ሜጋ ቫር እየጠጣ ቮልቴጁን ያወርዳል። በረጅም መስመሮች ላይ መስመሩ ከሚያመነጨው ከግማሽ በላዩን በሪአክተር መሸፈን የተለመደ ነው።

በኔ እምነት ከጣቢያው ዕቃ ሁሉ ስሙ የማይነሳው ባለውለታ ይሄ ነው። ጣቢያ የሚጎበኝ ሰው ትራንስፎርመሩን ፎቶ ያነሳል። ሪአክተሩ ጥግ ላይ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል።

ሪአክተሩን ሁልጊዜ እንደገባ መተው አይቻልም?

ቀን ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ጭነት ሲበዛ ቮልቴጁ በራሱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሪአክተሩ ጭራሽ ወደ ታች ይጎትተዋል። ለእያንዳንዱ መስመር ራሱ ያመነጨውን ቫር ራሱ የሚጨርስበት ጭነት አለ። ለ400 ኪሎ ቮልት 500 ወይም 600 ሜጋ ዋት አካባቢ ነው፤ እንደ ሽቦው አቀማመጥ ይለያያል። ከዚያ በታች ሲጫን ቮልቴጅ ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይቀንሳል።

ስለዚህ አንዳንዱ ሪአክተር ከመስመሩ ጋር በቋሚነት ይታሰራል። ሌላው በብሬከር እየገባ ይወጣል። የብሔራዊ መቆጣጠሪያ ማዕከል ኦፕሬተሮች ሌሊት ላይ ከሚሠሩት ሥራ አንዱ ይሄ ነው። እንደየሰከንዱ ፍላጎት ራሱን የሚያስተካክል መሣሪያም አለ፤ ስታቲክ ቫር ኮምፐንሴተር ይባላል። ጥሩ ነው፤ ውድ ነው። ጄኔሬተሮቹም ኤክሳይቴሽናቸውን (ማግኔታቸውን የሚፈጥረውን ጅረት) ዝቅ አድርገው ቫር መጠጣት ይችላሉ። ግን ልክ አላቸው፤ ካለፉት ማሽኑ ከሥርዓቱ ጋር ያለውን እርምጃ ይስታል።

ሌላ አማራጭ ሲጠፋ መስመሩን ራሱን ማጥፋትም አለ። ሁለት ትይዩ መስመሮች ካሉ አንዱ ለሌሊቱ ይቆረጣል። «መስመር እያለን ለምን አጠፉት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኛል። መልሱ ይሄ ነው።

ትልቅ ፋብሪካ ወይም ትልቅ መስመር በድንገት ሲወጣስ?

ያኔ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይመጣል። ጭነቱ ሲጠፋ በመስመሩ ላይ ይወርድ የነበረው ቮልቴጅ መውረዱን ያቆማል። በዚያ ላይ ተርባይኑ ውሃው እስኪዘጋለት ድረስ ለሰከንዶች ይፈጥናል። የጄኔሬተሩ ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ቶሎ ካልያዘው ሁለቱ ተደራርበው ቮልቴጁን ይዘውት ይወጣሉ።

የኢትዮጵያና የኬንያ መስመር ጥሩ ምሳሌ ነው። ከወላይታ ሶዶ ናይሮቢ አጠገብ እስካለው ሱስዋ 1,000 ኪሎ ሜትር ከትንሽ በላይ ይሄዳል። ሲደመርና ሲቀነስ 500 ኪሎ ቮልት፣ ቀጥተኛ ጅረት፣ አቅሙ 2,000 ሜጋ ዋት ነው። ቀጥተኛ ጅረት ስለሆነ የፌራንቲ ጣጣ የለበትም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥታ የሚቀይረው ኮንቨርተር ሲሠራ ብዙ ቫር ይፈልጋል። የሚያስተላልፈውን ኃይል ግማሽ ያህል። ይህን የሚያቀርቡለት አጠገቡ ያሉ ፊልተሮችና ካፓሲተሮች ናቸው። ኮንቨርተሩ በድንገት ቢቆም ፊልተሮቹ እዚያው ይቀራሉ። የሚጠጣላቸው የለም። በጣቢያው ተለዋዋጭ ጅረት ወገን ቮልቴጅ ይዘላል። ስለዚህ ኮንቨርተሩ ሲቆም ፊልተሮቹም በቅጽበት እንዲወጡ ከመጀመሪያው ታስቦ ይሠራል።

ብሬከር መዝጋት ብቻውን እንዴት ቮልቴጅ ይፈጥራል?

የተከፈተ መስመር ባዶ አይደለም። ቻርጅ ይዞ ሊቀር ይችላል። አሁን መስመሩ ለአጭር ጊዜ ወድቆ፣ ማለትም ተቋርጦ፣ ብሬከሩ ግማሽ ሰከንድ ቆይቶ በራሱ ሊመልሰው ነው እንበል። በመስመሩ ላይ የቀረው ቻርጅ ቀንስ (ኔጌቲቭ)፣ ከምንጩ የሚመጣው ደምር (ፖዚቲቭ) ላይ ሳሉ ቢገናኙ ማዕበል ይነሳል። ማዕበሉ ክፍት ጫፍ ጋ ሲደርስ ይመታና ይነባበራል። ምንም ካልተደረገ ከመደበኛው ጫፍ 3 እጥፍና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በ400 ኪሎ ቮልት 3 እጥፍ ማለት በፌዝ (ኃይል ተሸካሚው ሽቦ) እና በመሬት መካከል 980 ኪሎ ቮልት ገደማ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ማዕበል መሣሪያው የሚፈተነው 1,050 አካባቢ ላይ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይታይህ።

ሁለት መላ አለ። የቆየው፣ ብሬከሩ ውስጥ ሬዚስተር (ጅረት የሚቃወም ዕቃ) ማስገባት ነው። ዋናው ከመዝጋቱ በፊት ለጥቂት ሺኛ ሰከንዶች በሬዚስተር በኩል ይዘጋና ማዕበሉን ያለሳልሳል። አዲሱ ደግሞ ጊዜ መምረጥ ነው። ተቆጣጣሪው የሁለቱን ወገን ቮልቴጅ ያያል፤ ልዩነቱ ዜሮ የሚሆንበትን ቅጽበት ይጠብቅና ያኔ ይዘጋል። እኔ ይሄኛው ይጥመኛል። በጉልበት ሳይሆን በትዕግሥት ነው የሚያሸንፈው።

ታወሮቹ ጫፍ ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ ምን ትሠራለች?

ጥላ ናት። መብረቁን እሷ ትቀበላለች፤ ኃይል ተሸካሚዎቹ ከሥሯ ይድናሉ። ዛሬ ዛሬ በብዙ መስመሮች ላይ በሆዷ የመገናኛ ፋይበርም ትይዛለች።

ባትኖር ምን ይሆናል? 10 ኪሎ አምፔር ያለው መለስተኛ መብረቅ ፌዙን ቢመታ ጅረቱ ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ይሮጣል። 5 ሺህ አምፔር፣ ሽቦው ለማዕበል በሚያሳየው 400 ኦም ሲባዛ 2 ሚሊዮን ቮልት ነው። ይህን የሚችል የ400 ኪሎ ቮልት ዕቃ የለም።

ሽቦዋ እያለች ክረምት ላይ መስመር ለምን ይወድቃል?

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከላይ አይደለም። ከታች ነው፤ ከታወሩ እግር። መብረቁ በጥላ ሽቦዋ ከገባ በኋላ በታወሩ ወርዶ መሬት መግባት አለበት። መሬቱ ቶሎ ካልተቀበለው የታወሩ ራሱ ቮልቴጅ ሰማይ ይነካል። ሂሳቡ ቀላል ነው። 30 ኪሎ አምፔር የተለመደ መብረቅ ነው። የእግሩ ተቃውሞ 10 ኦም ከሆነ 300 ኪሎ ቮልት ይነሳል፤ መስመሩ ምንም አይሆንም። 60 ኦም ከሆነ 1,800 ኪሎ ቮልት ይመጣል። አንዱ ክፍል በጥላ ሽቦዋ ወደ ጎረቤት ታወሮች ስለሚሄድ በተግባር ትንሽ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ከታወሩ ወደ ፌዙ፣ ማለትም በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በሲኒው ላይ ይዘላል። ሲኒ የምለው ኢንሱሌተሩን ነው፤ ሰዉ የሚጠራው በዚህ ስም ስለሆነ።

ስለዚህ መሐንዲሶች የእግሩን ተቃውሞ ከ10 እስከ 20 ኦም በታች ለማድረግ ይታገላሉ። ጥቁር አፈር ላይ ዘንግ መቅበር ይበቃል። ድንጋይ ላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ከበድ ይላል። ሽቦ በቦይ በየአቅጣጫው ይዘረጋል፤ አንዳንዴም ጅረት የሚቀበል ልዩ አፈር ይጨመራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የታወር ብረትና የመሬት ሽቦ ስርቆት ሲነሳ ሰው የሚያስበው ታወር ሲወድቅ ብቻ ነው። ታወሩ ሳይወድቅም ይጎዳል። የመሬት ሽቦዋ ተቆርጣ የተወሰደችበት ታወር በጋውን ምንም አይመስልም። ሐምሌ ላይ መብረቁ መውረጃ ያጣል። ያን ቀን መስመሩ ሲወድቅ የሚያማው ሰማዩ ነው። የመሬቱን ተቃውሞ በየታወሩ እየዞሩ መለካት አሰልቺ ሥራ ነው፤ በእግር ነው የሚሠራው። ከመከላከያዎቹ ሁሉ ርካሹ ግን እሱ ነው፤ ቶሎ የሚረሳውም እሱ ነው።

አሬስተር የሚባለውስ?

ከትራንስፎርመሩ ፊት የሚቆም ረጅም ዘንግ ነው። ውስጡ የዚንክ ኦክሳይድ ክቦች ተደራርበዋል። በመደበኛ ቮልቴጅ ጅረት አያሳልፍም ማለት ይቻላል፤ ከሺኛ አምፔር የማትበልጥ ብቻ። ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ በቅጽበት በሩን ይከፍትና ሺዎች አምፔሮችን ወደ መሬት ይለቃል። ሲወርድ ይዘጋል። ድሮ በሲሊከን ካርባይድና በክፍተት የሚሠራ ነበር። ዚንክ ኦክሳይዱ ከጃፓን መጥቶ እሱን ገፋው።

በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ አሬስተሩ 10 ኪሎ አምፔር ሲያሳልፍ ቮልቴጁን 800 ገደማ ላይ ይይዘዋል። ትራንስፎርመሩ ለመብረቅ የሚፈተነው 1,425 ላይ ቢሆን ሰፊ ልዩነት አለ። እዚህ ግን ወጥመድ አለ። ርቀት። ማዕበሉ በማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ይሮጣል። አሬስተሩ ከትራንስፎርመሩ 60 ሜትር ቢርቅ፣ በማይክሮ ሰከንድ 1,000 ኪሎ ቮልት የሚወጣ ማዕበል ቢመጣ፣ አሬስተሩ ጋ 800 የሆነው ትራንስፎርመሩ ጋ ወደ 1,200 ይደርሳል። 90 ሜትር ካልህ 1,400። ውድ አሬስተር ገዝቶ ርቆ መትከል ጃንጥላ ይዞ ከጎኑ መሄድ ነው።

ሲኒውን አብዝቶ መገላገል አይሻልም?

ፈታኝ ሐሳብ ነው። ግን መስመሩ በጣም ሲጠነክር ማዕበሉ መንገድ ላይ ሳይተነፍስ ጣቢያ ድረስ ይመጣል። እዚያ የሚጠብቀው ትራንስፎርመር ነው። ሲኒ ላይ የዘለለ ብልጭታ በብሬከር ተቆርጦ በግማሽ ሰከንድ ይመለሳል። ትራንስፎርመር ውስጥ የዘለለ ግን ለወራት ጣጣ ነው። ስለዚህ ሆን ተብሎ ደካማው ቦታ ውጪ ላይ፣ አየር ላይ እንዲሆን ይደረጋል። አየር ራሱን ይጠግናል፤ ወረቀትና ዘይት አይጠግኑም።

ከፍታችን ለውጥ ያመጣል?

በጣም። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ ቶሎ ይዘልበታል። ዓለም አቀፉ መደበኛ ዕቃ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። የተለመደውን የማስተካከያ ስሌት ለ2,400 ሜትር ብትሠራው 19 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ጥንካሬ ይፈለጋል። ካታሎግ ላይ 1,425 የሚለው ዕቃ እዚህ ሲመጣ የሚችለው 1,200 ገደማ ነው። ለዚህ ነው ጨረታ ሰነድ ላይ ከፍታ የሚጻፈው፤ የሲኒው ሰንሰለት የሚረዝመው፤ ክፍተቱ የሚሰፋው። የትራንስፎርመሩ ሆድ ዘይት ውስጥ ስለሆነ ከፍታ አይነካውም። የውጪው ቡሺንግ ግን ይነካዋል።

ከድሬዳዋ ጂቡቲ የሚወርደው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ግልባጩን ያሳያል። ባሕሩ ጋ ሲደርስ አየሩ ወፍራም ነው፤ ደግ ነው። ግን ጨውና አቧራ ሲኒው ላይ ይጋገራል። ሲረጥብ ጅረት ያሳልፋል። እዚያ መከላከያው ሌላ ነው፤ ማጠብና ረዘም ያለ ሲኒ።

ቮልቴጅ ሲያልፍ ሪሌው ለምን ወዲያው አይቆርጥም?

ሪሌ ቮልቴጁን እያየ ብሬከሩን ክፈት የሚል መሣሪያ ነው። ማዕበል ላይ ግን አይደርስም። ብሬከር ለመክፈት በመቶኛ ሰከንዶች ይፈልጋል፤ መብረቁ ግን ያኔ አልፏል። ሪሌው የሚጠብቀው ከሚቆየው ዓይነት ነው። በተለምዶ 10 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ሰከንዶች ይታገሳል፤ ሪአክተርና ጄኔሬተር ያስተካክሉት እንደሆነ ያያል። በጣም ካለፈ ግን አይታገስም። ሁሉም መስመር እኩል እንዲቆርጥም አይደረግም። አንዱ ሲወጣ ቮልቴጁ ሊረጋጋ ይችላልና፣ ሰዓታቸው ይፈራረቃል።

ቤቴ ፍሪጅ የተቃጠለው በዚህ ነው?

አይመስለኝም። ከ400 ኪሎ ቮልት እስከ ቤትህ ሦስት አራት ትራንስፎርመር አለ። የቤት ዕቃ በብዛት የሚያቃጥለው የሰፈር ችግር ነው፤ የኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) መቆረጥ። ኒውትራሉ ሲላላ በሦስቱ ፌዝ ያሉ ቤቶች ሚዛናቸውን ያጣሉ። ትንሽ የሚጠቀመው ቤት 220 ሳይሆን ወደ 380 የሚጠጋ ሊያገኝ ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ያንተ አምፖል እንደ ፀሐይ ሲያበራ የጎረቤት ይደበዝዛል። ተራ ብሬከር ይህን አይቆርጥም፤ እሱ የሚያየው ጅረትን እንጂ ቮልቴጅን አይደለም። ለዚህ የሚሆነው ቮልቴጅ ሲበዛና ሲያንስ የሚቆርጥ መከላከያ ነው። ምልክቱን ካየህ ዋናውን ማጥፊያ አውርደህ የመብራት ሠራተኛ ጥራ።

ዝናብ ሲመጣ ታወር ሥር መጠለል ይቻላል?

አይቻልም። መብረቁ በታወሩ እግር መሬት ሲገባ ከእግሩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ቮልቴጁ ይቀንሳል። ሰው አንድ እግሩ ቀርቦ ሌላው ርቆ ከቆመ ልዩነቱ በሰውነቱ ያልፋል። ከብት ደግሞ የፊትና የኋላ እግሩ ስለሚራራቅ ይብስበታል። እረኛ ልጆች ካሉህ ንገራቸው፤ ላሞቹንም ከዚያ ያርቁ።